ሰዉንና ቦታውን እያየ የሚስተካከል የጎንደር አስጎብኚ አፕ እንዴት ይሠራል

ጎንደር ላይ የአስጎብኚ አፕ መሥራት የሚፈልጉ ልጆች ብዙ ናቸው፣ ለመመረቂያ የሚሠሩም አሉ ለገበያ የሚያስቡም አሉ፣ ግን አብዛኛው ጊዜ ሚወጣው ነገር ፎቶ፣ ከሥሩ ረጅም ጽሑፍ፣ ከዛ ካርታ ነው። እሱ ስልክ ላይ የተጫነ ብሮሸር ነው። ስልኩ እኮ ሰውዬው የት እንደቆመ ያውቃል፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ያውቃል፣ ኔትወርክ ይኑር አይኑር ያውቃል፣ ግን ደብረ ብርሃን ሥላሴ በር ላይ ለቆመውም ቦሌ ካፌ ቁጭ ብሎ ለሚያየውም ያው አንድ አይነት ነገር ነው ሚያሳየው።

ፋሲል ግቢ በር ላይ ያሉትን አስጎብኚዎች አንድ ጠዋት ቆማችሁ እዩዋቸው። እንግዳው ገና ሰላም ሳይል ስንት ሰው እንደሆኑ፣ ልጅ ይዘው እንደሆነ፣ ከመካከላቸው የደከመ እንዳለ አይተው ጨርሰዋል፣ ከዛ "ስንት ሰዓት አላችሁ?" ብለው ይጠይቃሉ፣ መንገዱን የሚመርጡት ከዛ በኋላ ነው። ደሞ እንግዳው "አይ እኔ መጀመሪያ የአንበሳውን ቤት ነው ማየት የምፈልገው" ካለ አይከራከሩም፣ ይወስዱታል። አፓችሁ ከነሱ መማር ያለበት ይሄንን ነው፦ ቅደም ተከተል ይቀይር እንጂ ምንም ነገር አይደብቅ፣ ለምን እንደቀየረ ይናገር፣ የመጨረሻውን ውሳኔ ለሰውየው ይተው። ከዚህ በታች የምጽፈው በሙሉ ይሄን ለማድረግ ነው።

ደረጃ 1፦ ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት በእግር ዙሩት

ደብተርና ሁለት ስልክ ያዙ፣ አንዱ ርካሽና አሮጌ ይሁን። እያንዳንዱ ማቆሚያ ላይ ቆማችሁ ሎኬሽኑን፣ ስልኩ የሚሰጠውን የስህተት መጠን በሜትር፣ ኔትወርክ መኖሩን፣ ጥላ መኖሩን፣ ደረጃ መኖሩን፣ መቀመጫ መኖሩን ጻፉ። ጠዋት አንዴ፣ ፀሐዩ ሲበረታ አንዴ፣ ክረምት ከሆነ ዝናብ ላይ አንዴ። እኩለ ቀን ላይ ስክሪኑ በፀሐይ ምክንያት አይነበብም፣ ያን ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብላችሁ በጭራሽ አታውቁትም፣ ቀጭን ግራጫ ፊደል በነጭ ላይ የምትወዱ ከሆነ እዛው ትተዋላችሁ።

ከሁሉም በላይ ግን ሰው የሚጠይቀውን ጻፉ። ምሳሌ ልስጣችሁ፦ የፋሲል መዋኛ። ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ባዶ ነው፣ ለጥምቀት ሲደርስ ነው ከቀሃ ወንዝ ውሃ እየተለቀቀ የሚሞላው። ስለዚህ ሚያዝያ ላይ የመጣ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው "ውሃው የታለ?" ነው፣ ብዙ ጊዜ የሚቀርብለት ጽሑፍ ግን ስለ ሥነ ሕንፃው ነው። እዚህ ጋ ይዘቱ በወቅት መቀየር አለበት። በደረቁ ወራት የመጀመሪያው ካርድ "አሁን ባዶ የሆነው ለዚህ ነው፣ ሲሞላ እንዲህ ይመስላል" የሚል ከነፎቶው፣ ጥምቀት ሲቃረብ ደሞ "ውሃ እየገባ ነው"። ይሄን ለማድረግ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ምናምን አያስፈልግም፣ ቀኑን ማወቅ ብቻ በቂ ነው።

ደረጃ 2፦ በምን ላይ ተመርኩዞ እንደሚቀየር ወስኑ

እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው ሚንጠራራው። ስሜቱን እናውቃለን፣ ባህሪውን ከነካካው ነገር እንገምታለን ይባላል። እኔ የምላችሁ በእርግጠኝነት ልታውቁት በምትችሉት ነገር ብቻ ጀምሩ፣ እነሱም ሰዓትና ቀኑ፣ ሰውየው ያለበት ቦታ (ከነስህተቱ)፣ ሰውየው ራሱ የነገራችሁ ነገር፣ እና ቦታው ዛሬ ያለበት ሁኔታ ማለትም ክፍት ነው ዝግ ነው፣ ጥገና ላይ ነው፣ በዓል ነው። ባትሪና ኔትወርክን ጨምሩበት፣ ስልኩ ራሱ ስለሚነግራችሁ። አለቀ።

በፍጹም የማትገምቱት ነገር ደሞ አለ፣ ሃይማኖቱን፣ ብሔሩን፣ የኪሱን መጠን። ለምሳሌ ምግብ ቤት ስታሳዩ ረቡዕና ዓርብ ወይም ዐቢይ ጾም ላይ የጾም ምግብ ያለበትን ወደ ላይ ብታመጡት ጥሩ ነው፣ ከተማው ራሱ በዛ ቀን የሚያቀርበው እሱን ስለሆነ፣ ግን ምክንያቱ ቀኑ ነው እንጂ "አንተ ጿሚ ነህ" ብላችሁ ሰውየውን መድባችሁት መሆን የለበትም። የፍስኩም ዝርዝር እዛው ከጎኑ ይኑር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፣ ለተጠቃሚው ግን ትልቅ ነው።

ደረጃ 3፦ ሦስት ጥያቄ ብቻ ጠይቁ

አካውንት ክፈት፣ ኢሜይል አስገባ፣ ዕድሜ ሙላ አትበሉ። ሰውየው ቲኬት ቢሮ ጋ ቆሞ ነው ያለው። ቋንቋውን ከመረጠ በኋላ፦ ስንት ጊዜ አላችሁ፣ ከማን ጋር ናችሁ፣ ይበልጥ ምን ማየት ትፈልጋላችሁ። ለእያንዳንዱ ከሦስት እስከ አራት ትልልቅ በተን፣ ከሥር ደሞ "ዝለለው"። የዘለለውም ሰው ሙሉ አፕ ማግኘት አለበት።

"ከማን ጋር ናችሁ" የሚለው ላይ ሦስቱን እንዳትረሱ፦ ልጆች ይዘናል፣ መራመድ የሚከብደው ሰው አለ፣ እና ከአስጎብኚ ጋር ነን። የመጨረሻው ለኔ ከሁሉም ይበልጣል። ሰው ከአስጎብኚ ጋር ከሆነ አፑ ዝም ማለት አለበት፣ ድምፅ አይክፈት፣ ኖቲፊኬሽን አይላክ፣ ካርታና ፎቶ ብቻ ይያዝ፣ አስጎብኚው የሚያሳየው የድሮ ፎቶ ወይም የግቢው ፕላን ቢፈልግ ቶሎ ይክፈትለት። እነዚህ ሰዎች በዚህ ሥራ ቤተሰብ ያስተዳድራሉ፣ አፓችሁ እነሱን የሚያግዝ ከሆነ ራሳቸው ለእንግዳ ያስተዋውቁታል፣ የሚፎካከራቸው ከሆነ ደሞ የግቢው በር ላይ ይሞታል።

አጠራር ላይ፣ አማርኛው በነባሪ "እርስዎ" ይበል። ቤተሰብ ከሆነ "እናንተ" አሪፍ ነው፣ ወንድ ሴት የሚለውንም ጣጣ ያስቀራል። "አንተ" ብሎ አዛውንት የሚያናግር አፕ ጎንደር ላይ ማንም አይወድም።

ደረጃ 4፦ ይዘቱን ቆራርጡት

አንድ ቦታ አንድ ረጅም ጽሑፍ ከሆነ ምንም ማስተካከል አትችሉም። እያንዳንዱን ማቆሚያ በትንሹ በሦስት መጠን ጻፉት፣ ቆሞ ለሚያልፍ፣ ለሚቀመጥ፣ ለልጅ። የአፄ ኢያሱ ቀዳማዊን ግንብ እንውሰድ (ከ1682 እስከ 1706 እ.ኤ.አ. የነገሡት አድያም ሰገድ ኢያሱ ናቸው)።

ቆሞ ለሚያልፍ፦ "የአፄ ኢያሱ ግንብ። ዛሬ ጣራ የለውም፣ በ1704 እ.ኤ.አ. የመሬት መንቀጥቀጥ ጎድቶታል፣ በ1941 ደሞ እንግሊዞች ጣሊያንን ሲያጠቁ በቦምብ ተመትቷል።"

ለልጅ፦ "ልጆች፣ ወደ ላይ እዩ! ሰማይ ይታያችኋል? ድሮ እዚህ ጣራ ነበረ። የት ሄደ? ሁለት ነገር ነው የጎዳው፣ አንዱ ከመሬት የመጣ ነው፣ አንዱ ደሞ ከሰማይ። ገምቱ እስቲ።"

ለሚቀመጠው ደሞ ስለ ንጉሡ፣ ስለ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መሥራችነታቸው፣ ግንቡ ከአፄ ፋሲል ግንብ በምን እንደሚለይ፣ ሁለት ሦስት ደቂቃ ድምፅ ይሁን። አያችሁ፣ መረጃው አንድ ነው፣ ሚዛኑ ነው የተለየው። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ታግ ለጥፉበት፦ ርዕሱ (ታሪክ፣ ሥዕል፣ ግንባታ፣ እምነት)፣ ርዝመቱ በሰከንድ፣ ለማን እንደሆነ፣ የት ቆመው መስማት እንዳለባቸው። ይሄ "የት ቆመው" የሚለው ብዙ ጊዜ ይረሳል፣ ግን "ከፊት ለፊታችሁ ያለው መስኮት" የሚል ድምፅ ሰውየው ከኋላ ቆሞ ከሰማው ምንም አይጠቅመውም።

ዓመት ስትጽፉ እ.ኤ.አ. ይሁን ዓ.ም. ሁልጊዜ አስገቡ፣ ከተማዋ በ1636 እ.ኤ.አ. ተቆረቆረች ስትሉ ለአበሻ ጎብኚ 1628 ዓ.ም. ብላችሁ ማሳየት ትችላላችሁ፣ ዳታቤዝ ውስጥ ግን አንዱን ብቻ አስቀምጡ እና ስታሳዩ ቀይሩት።

ድምፁን ሰው ያንብበው። የነገሥታቱን ስምና የቅዱሳኑን ስም ማጥበቅና ማላላት ማሽን ገና በደንብ አይችለውም፣ ጎንደር ደሞ የሚያምር አማርኛ የሚያነብ ሰው አልቸገራትም።

ደረጃ 5፦ ሎኬሽን፣ ከሁሉም የሚከብደው

ብዙዎቻችሁ ጂኦፌንስ የሚባለውን ታውቁታላችሁ፣ ክብ ትሠራላችሁ፣ ሰውየው ክቡ ውስጥ ሲገባ አንድ ነገር ይሆናል። አንድሮይድ ላይ የሚመከረው ትንሹ የክብ ሬዲየስ ከ100 እስከ 150 ሜትር ነው። እሺ፣ አሁን ፋሲል ግቢን አስቡት። አጥሩ ዙሪያው 900 ሜትር ነው፣ ክብ ቢሆን ኖሮ ከመሃል እስከ አጥሩ 143 ሜትር ገደማ ማለት ነው። ያ ማለት አንድ ጂኦፌንስ ግቢውን ከነግንቦቹ በሙሉ ይውጠዋል፣ የአፄ ፋሲልን ግንብ ከአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት አይለይላችሁም። ስለዚህ ጂኦፌንስን ለከተማው ተጠቀሙበት፣ ማለትም ሰውየው ፋሲል ግቢ ደረሰ፣ መዋኛው ጋ ደረሰ፣ ቁስቋም ደረሰ ለማለት። አይፎን ላይ ደሞ አንድ አፕ በአንድ ጊዜ መከታተል የሚችለው 20 ክልል ብቻ ስለሆነ ለ44ቱም አድባራት ክብ ልሥራ ብትሉ አይሆንም፣ ቅርብ ያሉትን ብቻ እየቀያየራችሁ መዝግቡ።

ግቢው ውስጥ ሌላ ጨዋታ ነው። ስልክ ክፍት ሰማይ ሥር ሲሆን ወደ 5 ሜትር አካባቢ ነው ሚሳሳተው፣ ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሥር ስትቆሙ ግን ሲግናሉ ከግድግዳው እየነጠረ ስለሚመጣ ስህተቱ ይጨምራል፣ ግንቡ ውስጥ ስትገቡ ደሞ ሊጠፋ ይችላል። አንድሮይድ ከእያንዳንዱ ሎኬሽን ጋር የስህተት ሬዲየስ ይሰጣችኋል፣ ትርጉሙም እውነተኛው ቦታ በዛ ክብ ውስጥ የመሆን ዕድሉ 68 በመቶ ነው ማለት ነው። ከሦስት አንዴ ገደማ ውጪ ነው ማለት እኮ ነው! ያንን ቁጥር የማያይ ኮድ አትጻፉ።

እኔ የምመክረው ሕግ እንዲህ ነው። የስህተቱ ሬዲየስ በሁለቱ ቅርብ ማቆሚያዎች መካከል ካለው ርቀት ግማሽ ካነሰ አፑ "የአፄ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ጋ ነዎት" ብሎ ካርዱን ያውጣ (ድምፁን ግን ሰውየው ይንካው)። ከበለጠ ደሞ አይገምት፣ ሁለት ሦስት ፎቶ አውጥቶ "የትኛው ፊት ለፊት ነዎት?" ብሎ ይጠይቅ። ሰው በዓይኑ አይቶ አንድ ፎቶ መንካት ሁለት ሰከንድ አይፈጅበትም፣ የተሳሳተ ታሪክ ሰምቶ ከመሄድ በብዙ ይሻላል። 

ሌላው፣ ሰውየው ድንበር ላይ ሲቆም ካርዱ ወዲያ ወዲህ እንዳይዘል የመግቢያና የመውጫ ርቀቱን ለዩት፣ ለምሳሌ 20 ሜትር ሲቀረው ግባ፣ 35 ሜትር ሲርቅ ውጣ፣ ከዛ ላይ ትንሽ ሰከንዶች መቆየቱን ጠብቁ፣ ዝም ብሎ የሚያልፍ ሰው እንዳይረበሽ።

ብሉቱዝ ቢከን (ለስልኩ "እዚህ ነህ" የሚል ምልክት የሚልክ ትንሽ መሣሪያ) ወይም ኪውአር ኮድ ለግንብ ውስጥ ጥሩ መፍትሔ ናቸው፣ ግን ግድግዳው ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ነው፣ ምስማር አይመታበትም ማስቲሽ አይለጠፍበትም። ኪውአሩን በሚቆም ሰሌዳ ወይም በቲኬቱ ላይ አድርጉት፣ እሱንም ቢሆን ከቅርስ ኃላፊዎቹ ፈቃድ ይዛችሁ።

ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ስትመሩ ደሞ "200 ሜትር ሄደው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ይታጠፉ" አትበሉ። ጎንደር ውስጥ ሰው የሚመራው በምልክት ነው፣ ፒያሳ፣ ጃንተከል ዋርካ፣ ራስ ግንብ። "ጃንተከል ዋርካን ካለፉ በኋላ" ያላችሁት ሰው መንገድ ቢጠፋበት እንኳ የጠየቀው ሁሉ ያሳየዋል። የእግር ጉዞውን ጊዜ በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር ብላችሁ ጀምሩ፣ ግን ከተማው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው ዳገቱም አለ፣ ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ላይ የራሱን ፍጥነት ለኩና የቀረውን መንገድ በሱ አስሉት። ቁስቋምን ለመሰለ ዳገት "በባጃጅ" የሚል አማራጭ ከጎኑ ይኑር፣ ታሪፉን ግን ኮድ ውስጥ አትጻፉ፣ ዋጋ ሲቀየር እንግዳውንም ሹፌሩንም ታጣላላችሁ።

ደረጃ 6፦ ሰዓትና ካላንደር

እዚህ ላይ ከውጭ የተቀዳ ቴምፕሌት ሁሉ ይወድቃል። ዳታቤዙ ውስጥ ሰዓቱን በዩቲሲ (የሁሉም አገር ሰዓት በሚለካበት መነሻ ሰዓት) አስቀምጡ፣ ስታሳዩ ግን ሁልጊዜ በጎንደር ሰዓት ማለትም ዩቲሲ ሲደመር 3፣ የስልኩን ታይም ዞን አትመኑ፣ ከዋሽንግተን የመጣ ዘመድ ስልኩን ሳይቀይር ሊሆን ይችላል። ለአማርኛ 6 ሰዓት ቀንሱ፣ 9:00 የሚለው ጠዋት 3:00 ይሁን። የመክፈቻ ሰዓት ላይ ግን ቋንቋው ምንም ይሁን ሁለቱንም ጎን ለጎን አሳዩ፣ በእንግሊዝኛ የሚጠቀም ዲያስፖራ በሀበሻ ሰዓት ሊያስብ ይችላል፣ ከዘበኛው ጋር የሚነጋገር ፈረንጅም የኛን ቢያይ ይጠቅመዋል።

ካላንደሩን በእጃችሁ አታስሉት፣ አንድሮይድ ከ7.0 ጀምሮ የኢትዮጵያ ካላንደር ውስጡ አለ፣ አይፎንም አለው። "ጥምቀት ጃንዋሪ 19" ብላችሁ ከጻፋችሁ በአራት ዓመት አንዴ ትሳሳታላችሁ። ጥር 11 ቀን 2016 ጃንዋሪ 20 ቀን 2024 ነበር የዋለው፣ ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ስለሆነ፣ ጥር 11 ቀን 2017 ደሞ ወደ ጃንዋሪ 19 ተመለሰ። በዓላቱን በጥር 11 ብላችሁ መዝግቡና ሲስተሙ ይቀይረው።

ፍለጋውም ላይ ሀ ሐ ኀን፣ ሰ ሠን፣ አ ዐን፣ ጸ ፀን እንደ አንድ ቁጠሩ፣ ሰው ሥላሴም ስላሴም ብሎ ነው ሚጽፈው።

ደረጃ 7፦ ነጥብ ስጡ፣ ደርድሩ፣ ምክንያቱን ጻፉ

ማሽን ለርኒንግ አያስፈልጋችሁም፣ በተለይ ገና ዩዘር ሳይኖራችሁ። ቀላል የነጥብ አሰጣጥ በቂ ነው፣ የተሳሳተም እንደሆነ የቱ ጋ እንደተሳሳተ ታዩታላችሁ። አንድ ምሳሌ ከነቁጥሩ፦ ሐምሌ ነው፣ ከሰዓት 9 ሰዓት፣ እየዘነበ ነው። ሰውየው 2 ሰዓት አለኝ፣ መራመድ የሚከብዳቸው እናቴ አብረውኝ አሉ፣ ሥዕል ነው የምወደው ብሏል። ሕጋችን ፍላጎቱ ከተገጣጠመ ሲደመር 3፣ በቀረው ጊዜ ደርሶ ማየት ከቻለ ሲደመር 2፣ ሰፊ ግቢና ብዙ እርምጃ ከሆነ ለደካማ ሰው ሲቀነስ 3፣ መጠለያ ከሌለው በዝናብ ሲቀነስ 2።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ፦ 3 ሲደመር 2፣ 5። የፋሲል መዋኛ፦ 2 ሲቀነስ 2፣ 0። ፋሲል ግቢ፦ 2 ሲቀነስ 3 ሲቀነስ 2፣ ከዜሮ በታች 3።

ስለዚህ ሥላሴ አንደኛ ይወጣል፣ ከሥሩ በትንሽ ፊደል "ሥዕል ስለሚወዱና ጣራ ሥር ስለሆነ" ተብሎ። ፋሲል ግቢ መጨረሻ ይሆናል ግን አይጠፋም፣ "ሰፊ ግቢ ነው፣ በዝናብ ድንጋዩ ያዳልጣል፣ ለእናትዎ ሊከብድ ይችላል" ይበል እንጂ። ሰውየው ምናልባት ነገ ጠዋት በረራ አለውና ዛሬ ካላየው ሌላ ዕድል የለውም፣ እሱን እናንተ አታውቁም፣ እሱ ያውቃል።

ምንም አትደብቁ የሚለው ዝም ብሎ የኔ አስተያየት አይደለም። በ1990ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር የላንካስተር ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ጋይድ የሚባል ለከተማቸው ጎብኚዎች የሚሆን ሲስተም ሠርተው ነበር፣ ስማርትፎን ገና ሳይለመድ፣ በእጅ በሚያዝ ኮምፒውተርና በገመድ አልባ ኔትወርክ። ዝግ የሆኑ ቦታዎችን ከዝርዝሩ ያወጣቸው ነበር፣ ጎብኚዎቹ ደሞ አልወደዱትም፣ ዝግ ቢሆንም ከውጪ ማየት የሚፈልግ ሰው አለና። ጎንደር ላይ ይሄ በደንብ ይሠራል፣ ቅዳሴ ላይ የሆነ ቤተ ክርስቲያን ለጎብኚ ዝግ ሊሆን ይችላል፣ ግን ቅጽሩንና ዛፉን ለማየት፣ ዜማውን ለመስማት ብቻ እንኳ መምጣት አያስቆጭም። "ዝግ" የሚል ምልክት ለጥፉበትና ከቦታው አታንሱት።

እያንዳንዱ አፑ የቀየረው ነገር ጎን "ይሄን አልፈልግም" የሚል ነገር ይኑር፣ አንዴ እምቢ ያለውን ሰው በዛው ቀን ደግማችሁ አትጠይቁት።

ደረጃ 8፦ ዝም ማለት ያለበት ቦታና ቀን

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ላይ አፑ ከበሩ በፊት ነው መናገር ያለበት። ጫማ እንደሚወልቅ፣ ፍላሽ እንደማይፈቀድ፣ ስልክ ድምፁ እንዲጠፋ፣ ኮርኒሱ ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ለማየት ቆም ብሎ ቀና ማለት እንደሚያስፈልግ፣ በ1888 እ.ኤ.አ. ድርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ ይሄኛው እንደተረፈና ሕዝቡ ንብ መንጋ እንዳዳነው እንደሚናገር፣ ይሄ ሁሉ ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ይደመጥ። ውስጥ ሲገባ ግን ምንም ድምፅ ራሱን አይክፈት፣ ኖቲፊኬሽን አይምጣ፣ ስክሪኑ ወደ ጨለማ ሞድ ይሂድ፣ የሥዕሉ ዝርዝር በጽሑፍ ብቻ ይሁን። የሚጸልይ ሰው አጠገብ የሚጮህ አፕ በአንድ ቀን ነው ስሙ የሚጠፋው፣ ስሙን የሚያጠፉትም ልክ ናቸው።

ጥምቀት ሌላ ዓለም ነው። ጥር 10 ከተራ ታቦታቱ ወደ መዋኛው ይወርዳሉ፣ ጥር 11 ውሃው ይባረካል፣ ከተማው ከአፍ እስከ ገደፉ ይሞላል። ያን ቀን ኔትወርክ ይጨናነቃል፣ መንገድ ይዘጋል፣ ከተለመደው መስመር ምንም አይሠራም። ስለዚህ ለነዚህ ቀናት የተለየ ሞድ ሥሩ፦ የነጥብ አሰጣጡ ይቁም፣ አንድ ስክሪን ብቻ ይቅረብ፣ ታቦታቱ የሚያልፉበት መንገድ፣ ውሃና መጸዳጃ ያለበት፣ የሕክምና እርዳታ፣ እና ቡድኑ ከተጠፋፋ የሚገናኝበት ቦታ። ጂፒኤስ ያለ ዳታ ስለሚሠራ ካርታው ቀድሞ ከወረደ "ወደ መገናኛችን ውሰደኝ" የሚለው በተን በዛ ሁሉ ሰው መሃል ይሠራል፣ ልጅ ለያዘ ቤተሰብ ከየትኛውም ታሪክ ይበልጣል።

ደረጃ 9፦ ያለ ኢንተርኔት ይሥራ

እዚህ ክልል ሞባይል ዳታ ለወራት ጠፍቶ እንደነበር እዚህ የኖረ ሰው አይረሳውም። ኦፍላይን ተጨማሪ ነገር አይደለም፣ መሠረቱ ነው። ካርታውን ኦፕንስትሪትማፕ ከሚባለው ነፃ ካርታ ወስዳችሁ የጎንደርን ብቻ ቆርጣችሁ አፑ ውስጥ አስገቡት። ድምፁን ኦፐስ በሚባለው የድምፅ ፋይል አይነት በሰከንድ 24 ኪሎቢት ሞኖ ብታደርጉት ለንግግር ጥሩ ነው፣ አንድ ደቂቃ 180 ኪሎባይት ነው የሚፈጀው፣ 40 ቁራጭ ሁለት ሁለት ደቂቃ ቢሆን 14.4 ሜጋባይት ብቻ። ቋንቋውን ለየብቻ አውርዱት፣ አማርኛ የመረጠ ሰው የጣሊያንኛውን ድምፅ ለምን ይከፍልበታል። ሆቴል ወይም ኤርፖርት ዋይፋይ ሲያገኝ "አሁን አውርደው፣ ግቢው ውስጥ ላይኖር ይችላል" በሉት።

ባትሪ ላይ፣ ባጃጅ ውስጥ ሲሆን 100 ሜትር አካባቢ የሚሳሳተው ባትሪ ቆጣቢ ሎኬሽን ይበቃል፣ ግቢ ውስጥ ሲገባ ብቻ ጂፒኤሱን ሙሉ በሙሉ ክፈቱ፣ ቁጭ ካለ ደሞ ዝጉት፣ መንቀሳቀሱን አክስለሮሜትሩ (ስልኩ ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ መለኪያ) ይነግራችኋል። ባትሪው ከ20 በመቶ በታች ሲወርድ አኒሜሽንና ቪዲዮ ይቅር፣ ካርታና ድምፅ ይቆይ።

ደረጃ 10፦ የሰውን መረጃ፣ ሙከራና ከዛ በኋላ ያለው

የሎኬሽን ፈቃድ "አፑ ክፍት ሲሆን ብቻ" የሚለውን ጠይቁ፣ እሱንም ሰውየው ካርታውን ሲከፍት እንጂ ገና አፑ ሲጀምር አይደለም። እምቢ ካለ በፎቶ መምረጡ ስላለ አፑ ይሠራል። የት የት እንደሄደ፣ ምን እንደመረጠ ሁሉ ስልኩ ላይ ይቅር፣ ሰርቨራችሁ ጋ አይምጣ፣ "ሁሉንም አጥፋ" የሚል በተን ይኑረው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ስለወጣ የሰው ሎኬሽን የምትሰበስቡ ከሆነ አዋጁን አንብቡት፣ የማትሰበስቡ ከሆነ ሥራችሁ በጣም ይቀላል።

ስትሞክሩት ከክፍል ጓደኛችሁ ጋር አይሁን። አንድ አያት፣ አንድ ልጅ የያዘች እናት፣ አንድ አማርኛ የማይችል ሰው፣ አንድ አስጎብኚ ስጡትና ዝም ብላችሁ ከኋላ ተከተሉ፣ አትርዱ። የት ቆመው ስክሪኑን እንደሚያዩና የት ግንቡን እንደሚያዩ ጻፉ። ስልኩን ከግንቡ በላይ ካዩት ይዘታችሁ ረዝሟል።

በመጨረሻ፣ "ዛሬ" የምትባል አንዲት ትንሽ ፋይል ይኑራችሁ፣ ክፍት ነው ዝግ ነው፣ የትኛው ግንብ ጥገና ላይ ነው፣ የቲኬት ዋጋ ስንት ነው የሚል ብቻ፣ ከጥቂት ኪሎባይት የማትበልጥ፣ ደካማ ኔትወርክ ላይም የምትወርድ። ፋይሏን የምትሞሉት እናንተ አይደላችሁም፣ በየቀኑ በር ላይ ያለ ሰው ነው፣ ስለዚህ የእሱ ስክሪን ሦስት በተን ያላት ቀላል ነገር ትሁን፣ ለሥራውም ክፈሉት። አፑ ላይ ደሞ መረጃው የታደሰበትን ቀን አሳዩ፣ ከሦስት ቀን በላይ ካለፈው "ይሄ አልታደሰም፣ በር ላይ ይጠይቁ" ብሎ ይጻፍ፣ የመክፈቻ ሰዓቱንም በነጥቡ ውስጥ መቁጠር ያቁም።